በዘረመሉ የተለወጠ አይጥ ተጠቅሞ የከብትን የዘር በሽታ መመርመር፦ ከጂን መረጣ እስከ መንጋው

በሰው ሠራሽ ማዳቀል አንድ ኮርማ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥጆች አባት ይሆናል። በዘሩ ውስጥ አንድ የተበላሸ ጂን ተደብቆ ካለ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከትውልዶች በኋላ፣ የዘር ሐረጋቸው ከእሱ የሚመዘዝ ከብቶች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ላሟ ትጨነግፋለች፣ ወይም አካሉ የተጣመመ ጥጃ ትወልዳለች፣ ወይም የወለደችው ጥጃ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል። በ1962 የተወለደው ፓውኒ ፋርም አርሊንዳ ቺፍ የተባለ የሆልስታይን ኮርማ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። አፓፍ1 በሚባለው ጂን ላይ፣ በ579ኛው አሚኖ አሲድ ቦታ፣ ፕሮቲኑን ከመሃል የሚቆርጥ ለውጥ ይዞ ነበር። ለውጡን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ጽንስ ሳይወለድ ይጠፋል።

ፍለጋውን የሚያከብደው ለውጡ ብቻውን አለመጓዙ ነው። ከአንድ የሩቅ አባት የመጣ የክሮሞዞም ቁራጭ ሳይበጣጠስ ስለሚወረስ፣ ጥፋተኛው ለውጥ በዙሪያው ካሉ ብዙ ጉዳት የሌላቸው ለውጦች ጋር አብሮ ይተላለፋል። የመንጋ መረጃ ቁራጩን ያሳያል፤ ከውስጡ የትኛው ለውጥ በሽታውን እንደሚያመጣ ግን ሁልጊዜ አይለይም። በአይጥ ላይ አንዱን ለውጥ ለብቻው ማስገባት ይቻላል። ላም ወደ 280 ቀን አርግዛ አንድ ጥጃ ስትወልድ፣ አይጥ በ19 ወይም በ20 ቀን በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ትወልዳለች፤ ልጆቿም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ። መመሪያው የተጻፈው የላቦራቶሪ አይጥ ማቆያ፣ የሞለኪውላር ላቦራቶሪና የእንስሳት ምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ላለው ቡድን ነው። ፈቃዱ ከሥራው በፊት መገኘት አለበት፤ ማመልከቻውም አይጡ ምን ያህል ሲታመም ሥቃዩ እንደሚቋረጥ መግለጽ ይኖርበታል። ለምሳሌ ከክብደቱ 20 በመቶ የቀነሰ፣ መብላትና መጠጣት ያቃተው ወይም ሲነኩት የማይንቀሳቀስ አይጥ ወዲያው ያለ ሥቃይ እንዲሞት ይደረጋል።

መጀመሪያ አይጥ ያስፈልግ እንደሆነ ወስኑ

የእንስሳትን የዘር በሽታዎች የሚመዘግበውን ኦሚያ የተባለ የመረጃ ቋት ክፈቱና ጂኑ በከብት፣ በውሻ ወይም በበግ በሽታ ማምጣቱ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ በአይጥ የጂን መረጃ ቋቶች ውስጥ ጂኑ የጠፋበት መስመር (ለውጡን እየወረሰ የሚራባ የአይጥ ዘር) ተሠርቶ እንደሆነ ፈልጉ። ብዙ ጂኖች ቀድመው ጠፍተው ተጠንተዋል፤ በረዶ ውስጥ የተቀመጠ የዘር ፈሳሽ ወይም ሽል ማዘዝም ከዜሮ ከመጀመር ብዙ ወራት ያድናል። በዋግዩ ከብት ላይ ኤልዋይኤስቲ በሚባለው ጂን የሚመጣው የቼዲያክ-ሂጋሺ በሽታ፣ በዚያው ጂን ጉድለት የሚታወቅና «ቤዥ» የሚባል የአይጥ መስመር ቀድሞውኑ አለው። ያንን ትቶ አዲስ አይጥ መሥራት እንስሳትንም ጊዜንም ማባከን ነው።

ጥያቄያችሁ በሴል ሊመለስ የሚችል ከሆነም በሴል መልሱት። ለውጡ ኤክሶን (የፕሮቲኑን መመሪያ የያዘ የጂን ክፍል) ያዘልል እንደሆነ ወይም ኢንዛይሙን ያዳክም እንደሆነ ለማወቅ ከታመመው ጥጃ ቆዳ የተወሰደ የሴል ባህል (በላቦራቶሪ ፈሳሽ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎች) ይበቃል። አይጥ የሚያስፈልገው ጥያቄው ሙሉ አካልን ሲጠይቅ ነው፦ ጽንሱ መቼና ለምን ይሞታል፣ አጥንቱ እንዴት ይጣመማል፣ ሕክምና ይሠራ ይሆን?

የከብቱን ቦታ ከአይጡ ጋር ማዛመድ

እዚህ የሚፈጸም ስህተት ከወራት በኋላ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። የከብቱን የፕሮቲን ቅደም ተከተል ኤአርኤስ-ዩሲዲ1.2 ከተባለው የከብት ጂኖም ማጣቀሻ፣ የአይጡን ጂአርሲኤም39 ከተባለው የአይጥ ጂኖም ማጣቀሻ አውርዱ፤ ጎን ለጎንም አስተካክሏቸው። የሚከተሉትን አረጋግጡ፦

- አይጡ ያ ጂን በአንድ ቅጂ ብቻ አለው? ተመሳሳይ ሁለተኛ ቅጂ ካለው የአንዱን መበላሸት ሌላው ሊሸፍን ይችላል።
- ለውጡ ያለበት አሚኖ አሲድ በአይጡም ያው ነው? ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 አሚኖ አሲድ ተመልከቱ። በከብት «በሽታ አምጪ» ተብሎ የተጠረጠረው አሚኖ አሲድ በጤነኛ አይጥ ላይ በተፈጥሮ የሚገኝ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን እንደገና መርምሩ።
- የቦታው ቁጥር በሁለቱ እኩል ነው? አንድ ወይም ሁለት አሚኖ አሲድ መጨመር ወይም መጉደል ቁጥሩን ያዛባዋል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መሪ አርኤንኤ (ካስ9 የተባለውን ዲኤንኤ ቆራጭ ፕሮቲን ወደ ቦታው የሚመራውን) ማዘዝ የተሳሳተ አሚኖ አሲድ ወደ መቀየር ያደርሳል።
- ጂኑ በሽታው በሚታይበት አካል ውስጥ በአይጡም ይሠራል?

ለውጡ ከጂኑ ውጭ ባለ የመቆጣጠሪያ ክፍል ላይ ከሆነ አይጥ ደካማ ምርጫ ነው። እነዚህ ክፍሎች በሁለቱ እንስሳት መካከል ብዙ ይለያያሉ።

ምን ዓይነት ለውጥ ይሠራ?

ከብቱ ላይ ፕሮቲኑን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ለውጥ ካለ፣ አይጡ ላይ ጂኑን ማጥፋት ይበቃል። አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ የተቀየረ ከሆነ ግን ትክክለኛውን የዲኤንኤ ፊደል አስገቡ። በሆልስታይን የነጭ ደም ሴል መጣበቅ ጉድለት የሚያመጣው ለውጥ አይቲጂቢ2 በተባለው ጂን 128ኛ ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድን በግላይሲን የሚተካ ነው። የአከርካሪ መዛባት የሚያመጣው ደግሞ በኤስኤልሲ35ኤ3 ጂን 180ኛ ቦታ ላይ ቫሊንን በፌኒልአላኒን ይተካል። ጂኑን ማጥፋት «ይህ ጂን ያስፈልጋል?» የሚለውን እንጂ «ይህ ለውጥ ያማል?» የሚለውን አይመልስም። ብዙ የአንድ ፊደል ለውጦች ፕሮቲኑን በከፊል ያዳክማሉ እንጂ አያጠፉትም።

ጂን ለማጥፋት ርዝመቱ ለ3 የማይካፈል፣ ከጂኑ በሚገለበጡት የአርኤንኤ ዓይነቶች ሁሉ ውስጥ የሚገኝ ቀደም ያለ ኤክሶን ምረጡ። የማቆሚያ ኮዶኑ (ፕሮቲን መሥራት እንዲቆም የሚያዘው ባለ ሦስት ፊደል ምልክት) በመጨረሻው ኤክሶን ወይም ከሱ በፊት ባለው ኤክሶን የመጨረሻ 50 ያህል ፊደላት ውስጥ ከወደቀ አርኤንኤው አይወገድም፤ አጭር ፕሮቲን ይቀርና ውጤቱን ያደናግራል።

ሦስተኛው መንገድ በአንድ አካል ብቻ ማጥፋት ነው። በሆልስታይን የኮሌስትሮል እጥረት ይህ መንገድ ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ ያሳያል። በኤፒኦቢ ጂን 5ኛ ኤክሶን ውስጥ 1,300 ያህል ፊደል ያለው የጥንት ቫይረስ ቅሪት ገብቶበታል፤ ለውጡን ከሁለቱም ወገን የወረሰ ጥጃ ይወለዳል፣ ከዚያ ተቅማጥ ይዞት ይከሳል፣ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥም ይሞታል። ይኸው ጂን በአይጥ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግን ጽንሱ በእርግዝናው አጋማሽ ላይ ይሞታል፣ ምክንያቱም የአይጥ ሽል ስቡን የሚያገኘው በአስኳል ከረጢቱ በኩል ነው፤ ለዚያም ይህ ፕሮቲን ያስፈልጋል። ተቅማጡን ማጥናት የፈለገ ሰው በዚህ አይጥ ምንም አያይም። መፍትሔው የጂኑን ወሳኝ ኤክሶን ሎክስፒ በሚባሉ ሁለት የዲኤንኤ ምልክቶች መክበብና፣ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ቆርጦ የሚያወጣው ክሬ የተባለ ኢንዛይም በአንጀት ሴሎች ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ምልክቶቹ እያንዳንዳቸው 34 ፊደል ናቸው። ኢንትሮን (በኤክሶኖች መካከል ያለ ክፍል) ውስጥ፣ ከኤክሶኑ ጫፍ ቢያንስ 100 ፊደል ርቀው ይቀመጡ፤ ካልሆነ የአርኤንኤ መቀጣጠያውን ይረብሻሉ።

የአይጥ ዝርያ ምርጫ

ሲ57ብላክ6 የተለመደው ምርጫ ነው፣ ግን ሁለት ንዑስ ዝርያዎቹ የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። «ጄ» የሚባለው ኤንኤንቲ በተባለ የማይቶኮንድሪያ ጂን ላይ ስረዛ አለበት፤ ስለዚህ በሽታው ከማይቶኮንድሪያ ጋር ከተያያዘ አትጠቀሙበት። «ኤን» የሚባለው ደግሞ ሲአርቢ1 በተባለው ጂን ምክንያት የዓይን ሬቲና ችግር አለው። ኤፍቪቢ ለማራባት የሚመች፣ እንቁላሉም በመርፌ ለመውጋት ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሬቲናው በልጅነቱ ይበላሻል፤ ለዓይን ወይም ማየትን ለሚጠይቅ የባሕርይ ጥናት አይሆንም። የሁለት ዝርያ ድቅል እንቁላል መጠቀም ጠንካራ ሽል ይሰጣል፣ ግን በኋላ በልጆች መካከል ልዩነት ያበዛል።

የዘር መሠረቱ ውጤቱን ሊገለብጥ ይችላል። አፓፍ1 የጠፋባቸው አይጦች አብዛኞቹ በ16ኛው የእርግዝና ቀን አካባቢ፣ አንጎላቸው ከልክ በላይ አድጎና ፊታቸው ተዛብቶ ይሞታሉ። በአንዳንድ መሠረት ግን ጥቂቶቹ ተወልደው ለጉልምስና ይደርሳሉ። የዝርያውን ሙሉ ስም፣ ንዑስ ዝርያውን ጨምሮ፣ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ ጻፉ።

መሪ አርኤንኤና የጥገና አብነት

ካስ9 ከኤንጂጂ ፊደላት (ማንኛውም አንድ ፊደልና ሁለት ጂ) በፊት ባለው 3ኛ ፊደል ላይ ይቆርጣል። የምትቀይሩት ፊደል ከመቁረጫው ከ10 ፊደል ባይርቅ ይመረጣል፤ በራቀ ቁጥር ለውጡ የመግባቱ ዕድል በፍጥነት ይወርዳል። ሁለት ወይም ሦስት መሪዎችን አዘጋጁና በአይጥ ሴል ወይም በተዳቀለ እንቁላል ባህል ውስጥ ሞክሯቸው፤ የተሻለውን ያዙ።

የጥገና አብነቱ፣ ማለትም ሴሉ ቁርጡን ሲጠግን የሚገለብጠው ለውጡን የያዘ ዲኤንኤ፣ ነጠላ ክር ይሁን፣ ከ120 እስከ 200 ፊደል፣ ከለውጡ በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ 50 ፊደል ያለው። ከዋናው ለውጥ ሌላ አሚኖ አሲዱን የማይቀይር አንድ ፊደል ለውጣችሁ የኤንጂጂ ምልክቱን አበላሹ። ይህ ካልተደረገ ካስ9 የተጠገነውን ዲኤንኤ ተመልሶ ይቆርጠዋል፤ ለውጡ ገብቶ ሳለ አጠገቡ ስረዛ ያለባቸው ብዙ አይጦች ይወለዳሉ። ከተቻለ ያው ተጨማሪ ለውጥ የአንድ ቆራጭ ኢንዛይም ቦታ እንዲፈጥር አድርጉ፤ የዘር ምርመራውን ያቀልላል። ተጨማሪው ፊደል ከኤክሶን ጫፍ ጥቂት ፊደላት ውስጥ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ገንዘብና ቦታ ከፈቀደ፣ ተጨማሪውን ፊደል ብቻ የያዘ ሁለተኛ መስመር ሥሩ። በሽታው የመጣው ከተጨማሪው ፊደል አለመሆኑን የሚያሳይ ከሱ የተሻለ ማነጻጸሪያ የለም።

እንቁላል ማዘጋጀትና ማስገባት

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ለሆኑ ሴቶች ብዙ እንቁላል እንዲያበስሉ 5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ፒኤምኤስጂ የተባለ ሆርሞን በሆድ ዕቃ ውስጥ ይሰጣል። ከ46 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ እንቁላሎቹን የሚያስለቅቅ 5 ዩኒት ኤችሲጂ ሆርሞን ይሰጥና እያንዳንዷ ከአንድ ወንድ ጋር ትታደራለች። በማግሥቱ ጠዋት የስሪያ ድፍን (ከስሪያ በኋላ የሴቷን ብልት የሚደፍን የረጋ ፈሳሽ) የታየባቸው ተለይተው እንቁላሎቹ ከቱቦው ይወጣሉ። በሚሊሊትር 0.3 ሚሊግራም ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆዩና የከበቧቸው ሴሎች ሲለቁ ይታጠባሉ። ብዙ የቆዩ እንቁላሎች ይጎዳሉ። ከዚያ ኬሶም በተባለ የሽል ማቆያ ፈሳሽ፣ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠበቃሉ።

አብነቱ አጭር ከሆነ፣ ከካስ9 ጋር ወደ እንቁላሉ ለማስገባት የኤሌክትሪክ ምት ከመርፌ ይቀላል። ካስ9 ፕሮቲን 4 ማይክሮሞላርና መሪ አርኤንኤ 4 ማይክሮሞላር ቀላቅላችሁ 10 ደቂቃ አቆዩ፤ ከዚያ አብነቱን ወደ 10 ማይክሮሞላር ጨምሩ። በ1 ሚሊሜትር የኤሌክትሮድ ክፍተት፣ በ30 ቮልት፣ 3 ሚሊሰከንድ የሚቆዩ ሁለት ምቶች፣ በመካከላቸው 100 ሚሊሰከንድ አድርጋችሁ ጀምሩ። ይህ መነሻ እንጂ ቋሚ ልክ አይደለም። ብዙዎቹ እንቁላሎች ወደ ሁለት ሴል ካልደረሱ ቮልቱን ዝቅ አድርጉ፤ ሁሉም በሕይወት ኖረው ምንም ለውጥ ካልተገኘ የምቱን ብዛት ጨምሩ። ከምቱ በፊት እንቁላሎቹን በምት ፈሳሹ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ የቀረ የማቆያ ፈሳሽ የኤሌክትሪኩን ፍሰት ይቀይረዋል። የመሪ አርኤንኤ መበስበስ የተለመደ የውድቀት ምክንያት ስለሆነ አርኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም የሌለበት ውሃና ጫፍ ብቻ ተጠቀሙ።

በማግሥቱ ሁለት ሴል የደረሱ ሽሎች፣ የዘር ቱቦው ከተቋጠረ ወንድ ጋር አድራ ድፍን በታየባት ሴት የእንቁላል ቱቦ ውስጥ ይተከላሉ፤ ለአንዲቷ ከ20 እስከ 25 ይበቃል። ከ19 ቀን በኋላ ወሊድ ይጠበቃል።

የመጀመሪያዎቹን አይጦች ማንበብ

በአንድ እንቁላል ውስጥ ጥገናው ከክፍፍል በኋላም ስለሚቀጥል፣ የመጀመሪያዎቹ አይጦች ብዙ ጊዜ ሞዛይክ ናቸው፦ ጆሮው አንድ ዓይነት፣ የዘር ሴሉ ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእነዚህ አይጦች ላይ የበሽታ ምልክት አትመዝግቡ። ካልተነካ አይጥ ጋር አዳቅሏቸውና ልጆቹን መርምሩ፤ መስመሩ የሚጀምረው ከልጆቹ ነው።

ለምርመራ 2 ሚሊሜትር የጆሮ ቁራጭ በ75 ማይክሮሊትር ፈሳሽ (25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 0.2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ) ውስጥ አስገብታችሁ በ95 ዲግሪ 30 ደቂቃ አሙቁ፤ አቀዝቅዙና 75 ማይክሮሊትር 40 ሚሊሞላር ትሪስ ጨምሩ። ከዚህ 1 ወይም 2 ማይክሮሊትር ለፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን ለማባዣ ዘዴ) ይበቃል።

የፒሲአር ፕራይመሮች (የሚባዛውን ቁራጭ ሁለት ጫፍ የሚወስኑ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ከአብነቱ ጫፎች ውጭ ይሁኑ። ከውስጥ ከሆኑ፣ በሌላ ክሮሞዞም ላይ በስህተት የገባ አብነትም አዎንታዊ ውጤት ይሰጣል። ከአጭሩ ፒሲአር በተጨማሪ ከ3,000 እስከ 5,000 ፊደል የሚሸፍን ረጅም ፒሲአር ሥሩ፤ የጂኑን ቅጂ ብዛትም ቁጠሩ። ካስ9 አንዳንዴ ብዙ ሺህ ፊደል ይሰርዛል። የፕራይመር ቦታው አብሮ ከተሰረዘ አጭሩ ፒሲአር ሌላውን ቅጂ ብቻ ያሳይና፣ ተሸካሚው፣ ማለትም ለውጡን በአንድ ቅጂ ብቻ የያዘው አይጥ፣ ሁለቱም ቅጂ የተለወጠ መስሎ ይታያል። ይህን ምርመራ የዘለለ ቡድን አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ መስመር ላይ ሊሠራ ይችላል።

በተገመቱ የተሳሳቱ መቁረጫ ቦታዎች ላይ ቅደም ተከተሉን አንብቡ፤ መስመሩንም ቢያንስ ሁለት ትውልድ ካልተነካ አይጥ ጋር አዳቅሉ። ከሁለት የተለያዩ መሥራች አይጦች የተገኙ ሁለት መስመሮች ተመሳሳይ በሽታ ካሳዩ ማስረጃው በጣም ይጠነክራል። የዘር ፈሳሽ በጊዜ አቀዝቅዛችሁ አስቀምጡ።

ተሸካሚ ከተሸካሚ፦ ቆጠራው

ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ ከአራቱ አንዱ ያልተነካ፣ ሁለቱ ተሸካሚ፣ አንዱ ሁለቱም ቅጂ የተለወጠ ይጠበቃል። የሞቱትን ግልገሎች ጨምሮ ሁሉንም መርምሩ። እናት አይጥ የሞተ ወይም የደከመ ልጇን ስለምትበላ ጡት በሚጥሉበት በ21ኛው ቀን ብቻ የሚቆጥር ሰው ብዙ ያመልጠዋል፤ በተወለዱበት ጠዋት ቁጠሩ።

ሁለቱም ቅጂ የተለወጠ አንድም ካልተገኘ፣ ስንት አይጥ ሲቆጠር በአጋጣሚ አይደለም ማለት ይቻላል? በ11 ግልገል ውስጥ በአጋጣሚ አንድም የመታጣቱ ዕድል 4.2 በመቶ፣ በ16 ደግሞ 1 በመቶ፣ በ24 ከሺህ አንድ ነው። ከፊሎቹ ብቻ የሚሞቱ ከሆነ ግን እጅግ ብዙ ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩን አስቀድማችሁ በስሌት ወስኑ።

ሲታጡ ወደ ኋላ ሂዱ። የስሪያ ድፍን የታየበት ጠዋት 0.5 ቀን ተብሎ ይቆጠራል። መጀመሪያ በ18.5፣ ከዚያ በ12.5፣ ከዚያ በ9.5 ቀን እርግዝናን ክፈቱ። ሽሉ ከማህፀን የሚጣበቀው በ4.5 ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ በ9.5 ቀን የቀረ ጠባሳ እንኳ ካልታየ በ3.5 ቀን ሽሎችን አጥባችሁ አውጡ። ለዘር ምርመራ የአስኳል ከረጢቱን ቆርጣችሁ በንጹሕ ፈሳሽ ሦስት ጊዜ እጠቡ። የእናትየዋ ደም ወይም ሕብረ ሕዋስ ከተቀላቀለ፣ ሁለቱም ቅጂ የተለወጠው ሽል ተሸካሚ መስሎ ይነበባል፤ «አንድም የለም» ለሚል የሐሰት መደምደሚያ ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቀኖቹን በቀጥታ ወደ ላም አትቀይሩ። የላም ሽል ከማህፀን መጣበቅ የሚጀምረው በ19ኛው ወይም በ20ኛው ቀን ገደማ ነው፤ የእንግዴ ልጁም አሠራር ፍጹም የተለየ ነው። በሁለቱ መካከል ሊነጻጸር የሚችለው አካል የሚሠራበት ደረጃ ነው፦ ልብ መምታት፣ ጉበት ደም መሥራት፣ አጥንት መጠንከር።

በጥጃው የታየውን በአይጡ መፈለግ

የጥጃውን የሕክምና መዝገብ ጎን አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ መለኪያ መድቡ። ለነጭ ደም ሴል መጣበቅ ጉድለት ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ ደም ሴል ብዛትና በሴሉ ገጽ ላይ ያለው ሲዲ18 (ከአይቲጂቢ2 ጂን የሚሠራው ፕሮቲን) ይለካል። ለቼዲያክ-ሂጋሺ የደም ስሚር ተቀብቶ በነጭ ሴል ውስጥ ያሉት ትላልቅ ቅንጣቶች ይታያሉ። ሲትሩሊኔሚያ ለተባለው፣ አሞኒያ በሰውነት ውስጥ ለሚከማችበት የዘር በሽታ፣ በደም ውስጥ ያለው አሞኒያና ሲትሩሊን ይለካል። ደሙ ወዲያው በበረዶ ላይ ካልተቀመጠ አሞኒያው በራሱ እየጨመረ ይሄዳል።

ለአጥንት መዛባት፣ ቆዳውና የሆድ ዕቃው የወጣለት የ18.5 ቀን ጽንስ በ95 በመቶ አልኮል፣ ከዚያ በአሴቶን ይቆያል። ካርቲሌጁን ሰማያዊ የሚያደርገው አልሺያን ብሉ እና አጥንቱን ቀይ የሚያደርገው አሊዛሪን ሬድ ተራ በተራ ይቀባሉ። በ1 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሥጋው እስኪጠራ ይጠበቅና በግሊሰሪን ይቀመጣል። ሃይድሮክሳይዱ ውስጥ ብዙ ከቆየ መገጣጠሚያዎቹ ይለያያሉ፤ በየቀኑ ተመልከቱት። አይጥም ላምም 7 የአንገትና በአብዛኛው 13 የደረት አከርካሪ ስላላቸው ንጽጽሩ ምቹ ነው። የወገብ አከርካሪ ግን በጤነኛ አይጦች መካከልም 5 ወይም 6 ስለሚሆን፣ አንድ ቁጥር መለየቱን ብቻውን በሽታ አትበሉት። ማነጻጸሪያው በአንድ ወሊድ የተወለዱ ወንድምና እህት ይሁኑ፤ የሚመዝነውም ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይወቅ።

የበሽታ መከላከያ ጉድለትን ስታጠኑ አንድ ልዩነት ከዓይናችሁ አይጥፋ። ጥጃ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል የሚያገኘው ከተወለደ በኋላ፣ በእንገር ነው፤ አይጥ ግን ከመወለዱ በፊትም፣ ሲጠባ ለሁለት ሳምንት ያህልም ይቀበላል። ማቆያውም ከጀርም የተጠበቀ ነው። በጋጣ ውስጥ በሳምንታት የሚሞት ጥጃ ጉድለት፣ በንጹሕ ሳጥን ውስጥ ባለ አይጥ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። አይጡ ጤነኛ ሆኖ መታየቱ ለውጡን ነጻ አያወጣም።

ተሸካሚዎቹንም ለኩ። በቤልጂየም ብሉ ኤምአርሲ2 በሚባለው ጂን ለውጥ የሚመጣው የጅራት መጣመም በሽታ የተስፋፋው፣ ተሸካሚዎቹ ይበልጥ ሥጋ የያዙ ስለሆኑና አርቢዎች ሳያውቁ ስለመረጧቸው ነው። ክብደት፣ የጡንቻ መጠን፣ የልጆች ብዛት ተሸካሚ አይጦች ላይ ካልተለካ እንዲህ ያለው ግፊት ሳይታወቅ ይቀራል።

ወደ መንጋው መመለስ

የአይጡ ውጤት ብቻውን ከብት ለማስወገድ አይበቃም። ሦስት ማስረጃ ተያይዞ ይቅረብ፦ በመንጋው ውስጥ ከተሸካሚ ወላጆች ሁለቱም ቅጂ የተለወጠ ጤነኛ ከብት አለመገኘቱ፣ ከታመመው ጥጃ ሴል የተገኘ የፕሮቲን ጉድለት፣ እና ያንኑ ለውጥ ብቻ በያዘው አይጥ የታየ ተመሳሳይ በሽታ። ከዚያ የከብቱን ቅደም ተከተል መሠረት ያደረገ አዲስ ፒሲአር ይነደፍ፤ የአይጡ ፕራይመር ለከብት አያገለግልም። ምርመራው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ዘራቸው በሌላ ዘዴ በተረጋገጠ ያልተነኩና ተሸካሚ ከብቶች፣ እንዲሁም ከታመመ ጥጃ በተቀመጠ ናሙና ይፈተሽ። መጀመሪያ የሚመረመሩት ለማዳቀያ የሚቀመጡ ኮርማዎች ናቸው። ተሸካሚ ላም ካልተነካ ኮርማ ጋር ከተዳቀለች የታመመ ጥጃ አይወለድም፤ ስለዚህ ጥሩ ወተት የምትሰጥን ተሸካሚ ላም ማስወገድ ሳያስፈልግ፣ የምትዳቀልበትን ኮርማ መምረጥ ይበቃል።